ስለ ኮምፒውተር ድካም አመረማመር

ከኢትዮጵያ መጥተን በሐርጌሳ ከተማ ኮምፒውተር በማደስ ለምንተዳደር ሰዎች ከዕለት ወደ ዕለት የሚቀርብልን አቤቱታ «ራሙ ሞልቷልና ጨምርልኝ» የሚል ነው፤ ባለ ጉዳዩም ኮንትሮልን፥ ሺፍትንና ኤስኬፕን ባንድነት ተጭኖ ታስክ ማናጀርን ከገለጠ በኋላ 80 በመቶ የሚለውን ቍጥር በጣቱ ያመለክታል።

ዳሩ ግን ራም ከዕቃ ቤት የወጣው መጽሐፍ ለንባብ የሚዘረጋበት አትሮንስ ነውና፥ ባዶውን መዋሉ ምስጋና አያሰጠውም፤ ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ በትርፉ ቦታ ቀድሞ የተነበቡትን ፋይሎች ያቆዩበታል፥ ሌላ ፈላጊ ሲመጣም ወዲያው ይለቁለታል። ስለዚህ የሊኑክስ ሊቃውንት ባዶውን ቦታ ብቻ እያየ ተጠቃሚው እንዳይሳሳት፥ በ2006 ዓ.ም. በወጣው 3.14 እትም በእውነት ሊገኝ የሚችለውን መጠን የሚነግር መሥመር ጨመሩ። እውነተኛው እጦት የሚታወቀው፥ ራሙ ጠቦት ሥራው ወደ ሃርድ ዲስክ እየወረደ ሲመላለስ፥ ዲስኩ ያለ ዕረፍት 100 በመቶ ሲደክም፥ ፕሮሰሰሩ ግን እጁን አጣጥፎ ሲጠብቅ ነው። በዚያን ጊዜ ራም መጨመር ተገቢ ነው፤ ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ከሆነ ግን ከ4 ጊጋባይት በላይ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

ስለ ፕሮሰሰር የሚነሣው ስሕተት ደግሞ ያስቃል፤ በዝርዝሩ ውስጥ «ሲስተም አይድል ፕሮሰስ» በተባለው መሥመር ላይ 97 የሚል አይቶ «ሌባው ይኸው፥ አጥፋልኝ» የሚለኝ ሰው አይታጣም፤ መሥመሩ ግን የሚቈጥረው የፕሮሰሰሩን ዕረፍት ነው። የታስክ ማናጀር ሥዕልም የ60 ሴኮንድ ታሪክ ብቻ ስለሚያሳይ፥ ባለ ጉዳዩ ኮምፒውተሩን የሚያደክመውን ያንኑ ሥራ በፊቴ ተቀምጦ እንዲሠራ አደርገዋለሁ፤ ቸኩሎ መጥቶ እንዲህ ሲባል ቅር የሚለው ብዙ ነው።

ሐርጌሳ ከ1,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣ የበርበራን ቃጠሎ ባታውቅም፥ ሶማሌዎች ጂላል በሚሉት ደረቅ ወራት የሚነሣው አቧራ የላፕቶፑን ማራገቢያ ያፍነዋል፤ ፕሮሰሰሩም ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከታስክ ማናጀሩ ሥዕል ግርጌ የተጻፈውን ፍጥነት የሚመለከት ጥቂት ነው፤ እኔ ግን 2.4 ጊጋኸርትዝ ተብሎ የተሸጠው ፕሮሰሰር ሥራ በዝቶበት ሳለ በ0.8 ሲያዘግም ባየሁ ጊዜ፥ የራሙን ነገር ትቼ ብሩሽ አነሣለሁ። ከጠረግሁም በኋላ ባለ ጉዳዩ ያንኑ ሥራ ይደግምልኛል፤ ፍጥነቱ ወደ ቦታው ካልተመለሰ፥ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የደረቀውን ቴርማል ፔስት ወደ መለወጥ እሻገራለሁ።