ከብራና ወደ መስተዋት፦ አፈወርቅ ተክሌ እና የ«ባዕድ ጣዕም» ክርክር

የአንድ ሠዓሊ የንባብና የሙዚቃ ምርጫ ሲጠና የተለመደው መንገድ ራሱ የተናገረውን መልቀም ነው፦ የትኛውን ደራሲ ይወዳል፣ ሲሠራ ምን ያዳምጣል፣ መደርደሪያው ላይ ምን ምን መጻሕፍት አሉ። እንዲህ ያለው ዝርዝር ስለ ሰውየው ጥቂት ይነግረናል፤ ስለ ሥራው ግን ብዙም አያስረዳም። ሰው ያደነቀውን ሁሉ አይወርስም፤ የወረሰውንም ሁሉ አይናገርም። የሠዓሊ ጣዕም የሚታወቀው ከንባቡና ከሰማው ዜማ ወደ ሥራው በተሻገረው ሥርዓት ነው፦ ነገርን በሚያስከትልበት፣ መስመርን በሚያሰምርበትና ቀለምን በሚደለድልበት መንገድ። በዚህ መለኪያ ስንሄድ፣ በአንኮበሩ ተወላጅ በሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ላይ ሲሰነዘር የኖረው «ጣዕሙ የአውሮፓ ነው» የሚል ትችት መሠረቱ ይናጋል።

የትችቱ መነሻ የትምህርት ታሪኩ ነው። አፈወርቅ በ1925 ዓ.ም. ተወልዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ወደ እንግሊዝ ተላከ። እዚያ ወደ ሥነ ጥበብ ዞሮ በለንደን፣ በኋላም እዚያው በስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማረ። ይሁን እንጂ ከዚህ ታሪክ ውስጥ አንዱ ምዕራፍ ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የመጀመሪያውን ዐውደ ርእይ ካሳየ በኋላ ዳግም ወደ አውሮፓ ሄዶ የባለቀለም መስተዋትና የሞዛይክ ሥራ ሲማር፣ ጎን ለጎን በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን አብያተ መጻሕፍት የሚገኙ ሥዕል ያላቸውን የኢትዮጵያ ብራናዎች አጥንቷል። እነዚህ መጻሕፍት እዚያ የደረሱት በተለያየ መንገድ ነው፤ ለንደን ካሉት ውስጥ 350 ያህሉ እ.ኤ.አ. በ1868 በእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የተዘረፉ ናቸው። ስለዚህ «አውሮፓ ሄዶ ጣዕሙን ለወጠ» ከማለታችን በፊት እዚያ ምን እንዳነበበ መጠየቅ ይገባናል። ካነበባቸው መካከል የገዛ አገሩ መጻሕፍት ይገኛሉና።

ብራና ለሠዓሊ ምን እንደሚያስተምር ለማየት ከድጓ፣ ማለትም ከቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ፣ አንድ ገጽ በቂ ነው። ጸሐፊው ቆዳውን በወስፌ ወግቶ መስመር ያሰምራል፤ ዐቢዩን ቃል በጥቁር፣ ቅዱሳት ስሞችንና መክፈቻውን በቀይ ይጽፋል። ከቃሉ በላይ ድፋቱ፣ ቅናቱ፣ ይዘቱ፣ ጭረቱና ርክርኩ በደቃቁ ይሰፍራሉ፤ እነዚህ የዜማ ምልክቶች በ16ኛው መቶ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተደራጁ ይነገራል። ገጹ በአንድ ጊዜ ይነበባል፣ ይዜማል፣ ይታያል። መጽሐፉን የሚጽፈው፣ ሐረጉን የሚስለውና ዜማውን የሚያዜመው ደብተራ አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። በዚህ ትምህርት ውስጥ ንባብ፣ ሙዚቃና ሥዕል በሦስት ክፍል የተማሩ ሦስት ሙያዎች አይደሉም፤ የሰው ጣዕም የሚቀረጸው በሦስቱ አንድነት ነው።

አፈወርቅ እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1961 በአዲስ አበባ ለሚገኘው የአፍሪካ አዳራሽ የሠራው ባለቀለም መስተዋት 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ያለፈውን የአፍሪካ መከራ፣ ትግሉንና የወደፊቱን ተስፋ በሦስት ክፍል ይተርካል። ቀረብ ብሎ ለሚያየው ሰው አካላቱ በጥቁር መስመር ተከብበዋል፤ ቀለሙ በሰፊው ተደልድሏል፤ በተስፋው ክፍል ችቦ የያዙት የአገር ልብስ የለበሱ ሰዎች ፊት ለፊት ቆመዋል። እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል፦ ጥቁሩ መስመር መስተዋቱን የሚያያይዘው እርሳስ ነው፤ የፈረንሳዩ የሻርትር ካቴድራል መስኮቶችም ይኸው መስመር አላቸውና ከብራና መጣ ማለት ማጋነን ነው። ተቃውሞው ስለ ቁሱ እውነት ነው። ግን አፈወርቅ ከአውሮፓ ጥበባት መካከል ለትልቁ ሥራው የመረጠው ወፍራም መስመር፣ ድልድል ቀለምና ተከታታይ ትረካ የግድ የሚሉትን መሆኑ ትርጉም አለው። በስሌድ የተማረው የብርሃንና የጥላ አሣሣል በዘይት ቀለም ሥዕሎቹ ላይ ሲያገለግለው፣ ለሕዝብ በሚነበበው ሥራ ላይ ግን ወደ ብራናው ሥርዓት ቀርቧል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሌላ ወገን ይመጣል፦ እውነተኛው የኢትዮጵያ ጣዕም ከውጭ ያልተነካካው ነውና ቅይጡ ሁሉ መሸርሸር ነው ይላል። የብራናው ታሪክ ራሱ ይህን አይደግፍም። በ15ኛው መቶ ዘመን ቬኒሳዊው ኒኮሎ ብራንካሌዮን እዚሁ አገር ሲስል ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1591 ሮም የታተመው የዐረብኛ ወንጌል ሥዕሎች በጎንደር ዘመን ሠዓልያን እጅ ተለውጠው ወደ ብራናው ገብተዋል። በአንኮበር ደግሞ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1841 በሃሪስ የተመሩትን የእንግሊዝ መልእክተኞች ተቀብለው ውል ሲዋዋሉ፣ በቡድኑ ውስጥ ሠዓሊው በርናትዝ ነበረ። ንጉሡ የባዕዱን መሣሪያና የእጅ ጥበብ ሲሹ ሚሲዮናዊው ክራፕፍ ግን እ.ኤ.አ. በ1842 ከወጣ በኋላ ወደ ሸዋ እንዳይመለስ ተደረገ። ይህን የአፈወርቅ ውርስ ነው ብሎ መዝለል አይገባም፤ የትውልድ ቦታ ሥዕል አያስተምርም። የሚያሳየው ግን መቀበልና መምረጥ በአካባቢው ከአፈወርቅ በፊት የነበረ ልማድ መሆኑን ነው። በሙዚቃም እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ካይሮ ላይ ቫዮሊን ተምረው፣ ግሸን ማርያም ገዳም ኖረው፣ በፒያኖ የደረሱት ሥራ ከሁለት አንዱን ብቻ በሚጠይቅ ሚዛን አይመዘንም።

ከሁሉ የሚከብደው ትችት ግን የጣዕም ምንጭን ሳይሆን ጌታን የሚመለከተው ነው። አፈወርቅ ለቤተ መንግሥት፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለመንግሥታት በትእዛዝ ሠርቷል፤ በሐረር ቆሞ የነበረው የራስ መኰንን ሐውልትም የእሱ ሥራ ነው። በእነዚህ ሥራዎች ጀግንነትና ተስፋ ሲገኑ ጥርጣሬ እምብዛም ቦታ አላገኘም፤ ይህ ድክመት ነው። ሆኖም ደጋፊ ያለው ጥበብ ሁሉ ጣዕሙ የደጋፊው ነው ካልን፣ በነገሥታት ወጪ የተጻፉትን ብራናዎችም መጣል ሊኖርብን ነው። ይልቅ ልዩነቱ የሚጎላው ከዘመነኞቹ ሠዓልያን ጋር ሲነጻጸር ነው። የገብረ ክርስቶስ ደስታ አባት መጻሕፍትን የሚጽፉና የሚያስጌጡ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ፤ እሱ ግን በኮሎኝ ተምሮ ወደ ረቂቅ ሥዕልና ወደ ግጥም አዘነበለ። እስክንድር ቦጎሲያን ከክታብ ጠልሰሙን፣ ከብራናውም ቆዳውን ወሰደ። አፈወርቅ ትረካውንና ድልድሉን ያዘ። ሦስቱም የአንድ መደርደሪያ አንባቢዎች ነበሩ፤ የተለያዩት ባነበቡት ሳይሆን ካነበቡት በመረጡት ነው።

ይህ ከሆነ የሂስ ሥራም አቅጣጫው ይቀየራል። የአገራችን ሠዓልያንን «ባዕድ» እና «አገርኛ» በሚሉ ሁለት መዝገቦች መመደብ ቀላል ነው፤ ግን ከትምህርት ማስረጃቸው የዘለለ ነገር አይጠይቅም። ዛሬ ሥዕል በአንድ ትምህርት ቤት፣ ዘመናዊ ሙዚቃ በሌላው፣ ድጓ ደግሞ በየአብነት ትምህርት ቤቱ ለየብቻ ይሰጣሉ። ከሦስቱ አንዱን ብቻ የሚያውቅ ሃያሲ ያልተማረውን ሁሉ ከውጭ የመጣ አድርጎ ማየቱ አይቀርም። በአፈወርቅ መስተዋት ላይ ለመፍረድ የሻርትርንም መስኮት፣ የድጓውንም ገጽ ማንበብ ያስፈልጋል፤ እስካሁን ከተሰጡት ፍርዶች ብዙዎቹ የተሰጡት የመጀመሪያውን ብቻ በማንበብ ነው።