ሾፌር የሌለው ባቡር፣ ባለቤት ያጣ ተራራ

ሮለር ኮስተር የሚባለው የፈረንጆች የመዝናኛ ባቡር በሂስ ሚዛን ላይ ይቀመጥ ቢባል የሚስቅ አንባቢ አይጠፋም። «ጩኸትና ማቅለሽለሽ ምን ሂስ ያሻዋል?» ይለኝ ይሆናል። ባቡሩ ተረት የማያወራ ቢሆን እኔም በተስማማሁ። በካሊፎርኒያው ዲዝኒላንድ የሚገኘው «ቢግ ተንደር ማውንቴን» ግን (ታላቁ የነጎድጓድ ተራራ እንበለው) መቼት አለው፣ ሴራ አለው፣ ግጭት አለው። ተረት ነኝ ካለ ደግሞ እንደ ተረት ይመርመር።

የማዕድን ማውጫ ባቡር መስሎ የተሠራው የመጀመሪያው ሮለር ኮስተር በ1966 በቴክሳስ «ሲክስ ፍላግስ» መናፈሻ ውስጥ ተከፈተ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ከፍታውንና ፍጥነቱን ቀንሶ ልጅም አያትም አብረው የሚሳፈሩበት ማድረግ ብልህ ሐሳብ ነበር። ዲዝኒላንድ በ1979 ተረት ጨመረበት። ነዳፊው ቶኒ ባክስተር ይባላል።

ተረቱ ባጭሩ ይህ ነው። በምዕራብ አሜሪካ የአገሩ ተወላጆች እንደ ቅዱስ ስፍራ የሚያከብሩት ተራራ አለ። ወርቅ ፈላጊዎች መጥተው ሆዱን ይቀዱታል። መንፈሱ ይቆጣል፤ ባቡሮቹም ያለ ሾፌር በገዛ ራሳቸው መጋለብ ይጀምራሉ። እኛ ተሳፋሪዎች እንግዲህ የምንፈናጠጠው እርግማኑ ላይ ነው።

የአሠራሩን ጥበብ መካድ አይቻልም። ባቡሩ ከጣቢያው እንደወጣ ጨለማ ዋሻ ይውጠዋል፤ የሌሊት ወፍ ዓይኖች ያፈጡበታል፤ ከዚያ በግራ በቀኝ ፏፏቴ እየወረደ ሽቅብ ይጎተታል። ሦስት ጊዜ እንዲህ ይወጣል፣ ሦስት ጊዜ ይለቀቃል። ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገድ የተለቀቀለት የአዲስ አበባ ሚኒባስ ይበልጠዋል! ታዲያ ልባችን ስለምን ይሰቀላል? መንገዱ ስለማይታይ ነው። ከእያንዳንዱ ኩርባ ወዲያ ያለውን ቋጥኙ ይሸፍነዋል፤ የዋሻው ጣራ ግንባር ሊገጭ የደረሰ ይመስላል። የልቦለዳቸውን ምስጢር ሁሉ በመጀመሪያው ምዕራፍ የሚዘረግፉልን ደራሲዎች አንድ ዙር ቢሳፈሩ በወደድኩ። (በ2003 አንድ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ የአንድ ወጣት ሕይወት ጠፍቷል፤ ምርመራው የጥገና ጉድለት ነው አለ። ያ የተረቱ ፍርሃት አልነበረም፤ እውነተኛው ነበር።) በአንድ ኩርባ ላይ ዲናሚት የሚያኝክ ፍየል ቆሟል። ሎስ አንጀለስ የሚኖረው የእህቴ ልጅ እሱን ለማየት ብቻ ሦስት ጊዜ አሰልፎኛል።

የባቡሮቹ ስም እንኳ ቅኔ አለበት። ከሎኮሞቲቮቹ አንዱ «አይ. ኤም. ብሬቭ» ይባላል፤ የሰው ስም ይመስላል፣ ሲፈቱት ግን «ደፋር ነኝ» ማለት ነው። ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ ይህን ሲሰማ የተረቱንም ወርቅ መፈለጉ አይቀርም። ፈለግሁ። ስለ ወርቅ በተሠራ ተረት ውስጥ ወርቁን አጣሁት።

ፍየል አለ፣ የሌሊት ወፍ አለ፣ መጨረሻው ላይ የዳይኖሰር አጽም አለ። ተራራውን ቅዱስ ያሉት ሰዎች ግን በተራራው ላይ የሉም። በወንዙ ዳር በጀልባ ለሚያልፍ ጎብኚ የሚታይ የተወላጆች መንደር ተሠርቷል፤ እሱ ሌላ ትርኢት ነው።

ነገሩን የሚያከፋው ይህ ነው። የካሊፎርኒያው ተራራ መልኩን የቀዳው በዩታ ግዛት ካለው ከብራይስ ካንየን ነው፤ ቀያይ፣ ቀጫጭን፣ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ሰው የሚመስሉ የድንጋይ ዓምዶች። የአካባቢው ተወላጅ የፓዩት ሕዝብ ስለ ዓምዶቹ የራሱ ተረት አለው። ጥንት በሰው አምሳል የሚኖሩ ፍጡራን ነበሩ፤ ክፉ ሥራ ስለሠሩ ኮዮቴ የተባለው የተኩላ ዘመድ ሁሉንም ወደ ድንጋይ ለወጣቸው፤ አንዳንዱ እንደቆመ፣ አንዳንዱ እንደተቀመጠ፣ አንዳንዱም ሌላውን እንደያዘ ቀረ። እስቲ አስቡት፤ ለቅጣት ተረት ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል? ድንጋዩ ራሱ ቅጣቱ ነው! ነዳፊዎቹ ድንጋዩን ወስደው ተረቱን እዚያው ትተውት መጡ። በምትኩ ያስገቡት ስምም ቋንቋም የሌለው «የተቆጣ መንፈስ» ነው።

እውነተኛው ታሪክ ደግሞ እንዲህ ይላል። ብላክ ሂልስ የተባሉት ቅዱስ ተራሮች በ1868 ውል ለላኮታ ሕዝብ ጸንተው ነበር። በ1874 ወርቅ መኖሩ ተሰማ፤ በ1877 የአሜሪካ ምክር ቤት መሬቱን ወሰደ። በ1980፣ ሁለተኛው ቢግ ተንደር በፍሎሪዳ በተከፈተበት ዓመት፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከወለዱ ጋር ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ይከፈል ሲል ፈረደ። ላኮታዎቹ ገንዘቡን አልተቀበሉም፤ የሚሹት ተራራውን ነው። እዚያ የነበረው ሆምስቴክ የተባለው የወርቅ ማውጫ እስከ 2002 ድረስ ሲቆፈር ኖረ። ማንንም መንፈስ አልቀጣውም።

በተረቱ ውስጥ ግን ቆፋሪው ይቀጣል፤ ቅጣቱም ለልጆች የሚያስቅ ግልቢያ ነው። የተሰጠን ወንበር የቆፋሪው ነው፤ ሌላ ወንበር አልተሠራም። ይኸው ተራራ በ1987 ቶኪዮ፣ በ1992 ፓሪስ አጠገብ ሲተከልም ወንበሩ ያው ሆነ።

ባቡሩ ይፍረስ አልልም፤ እንዲህ ያለ ሥራ በየቀኑ አይገኝም። የፓዩትን ተረት የሚያውቁ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ ቢጠየቁና ቢፈቅዱ በሰልፉ ላይ ይነገር። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ልጆቹም ያን ጊዜ ሥራ ፈትተው ቆመዋል።