ባሌስትራውን ማን አየው?

ያገለገለ ፒካፕ ሊገዛ የሚሄድ ገበሬ መካኒክ ይዞ ይሄዳል። መካኒኩ ኮፈኑን ያስከፍታል፣ ሞተሩን ያስነሳል፣ ጆሮውን ያዘነብላል፣ ጭሱን ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ደላላው የሚፈልገውም ይህንኑ ነው፤ ሞተሩን አሳጥቦ፣ ዘይቱን ቀይሮ የጠበቀው ለዚያች ሩብ ሰዓት ነውና። እኔ ግን "አብረኸኝ ሂድ" የሚለኝ ሰው ሲመጣ በያጅ እንጥራ እላለሁ፤ ከተገኘ ባሌስትራ የሚሠራ በያጅ። ብዙዎቹ ይስቁብኛል።

ከእርሻው በፊት አዳማ ጋራዥ ውስጥ እሠራ ነበር፤ አሁን ምንጃር ጤፍና ሽንኩርት አመርታለሁ። ያኔ ከመኪናው ሥር ተኝቼ ያየሁትን ዛሬ ከማሳው ጫፍ ሆኜ ሳስበው አንድ ነገር ግልጽ ይሆንልኛል። ሞተር የሚድን ነገር ነው። ፋሻው ይቀየራል፣ ቴስታታው በማሽን ይስተካከላል፣ የጠፋው ዕቃ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል፤ ገንዘብ ይፈጃል እንጂ ይሆናል። ከጭነት ብዛት የታጠፈ ሻንሲ ግን ይበየዳል እንጂ ወደ ልኩ አይመለስም። በሬ ሲገዛ ቀንበር ያረፈበትን ጫንቃ የማያይ ገበሬ የለም፤ ፒካፕ ሲገዛ ግን ሁሉም ፊት ፊቱን ያያል።

ፒካፕ የሚጎዳው በምን እንደሆነ እንነጋገር። የአንድ ሀይሉክስ ጭነት አንድ ቶን ገደማ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር አሥር ኩንታል። ጤፍ ደግሞ ከባድ ነው፣ ቦታ አይፈጅም። አሥር ኩንታል ጤፍ የጫነ ካሶኒ ገና ግማሹ ባዶ ይመስላል፤ ስለዚህ አሥራ አምስት ይጫናል፣ በመኸር ሰሞን ሃያም ይጫናል። ባሌስትራው እየለጠጠ ይቀመጣል። ባለቤቱ ወስዶ አንድ ሁለት ንጣፍ ያስጨምራል። መኪናው ከዚያ በኋላ ስለማይቀመጥ ነገሩ የተፈታ ይመስላል፤ ቀድሞ ባሌስትራው ይውጠው የነበረው እያንዳንዱ ጉድጓድ ግን አሁን በቀጥታ ሻንሲው ላይ ያርፋል። ስለዚህ ንጣፍ የተጨመረበት ባሌስትራ ሳይ ሻጩ "አጠንክሬዋለሁ" ቢለኝም፣ እኔ የምሰማው ስንት ኩንታል ይጭን እንደነበር ነው።

ሻንሲው የሚሰነጠቅበት ቦታ ይታወቃል። ከጋቢናው ጀርባ፣ የኋላውን አክሰል ለመሻገር ቅስት ሠርቶ ሽቅብ ከሚነሳበት አካባቢ፣ በተለይም የባሌስትራው የፊት ጫፍ ከተያያዘበት ቅንፍ አጠገብ ነው። ከሥር ከመግባቴ በፊት ግን ከጎን ራቅ ብዬ ቆሜ በጋቢናውና በካሶኒው መካከል ያለውን ክፍተት አያለሁ። ከላይ እስከ ታች እኩል መሆን አለበት። ከላይ ሰፍቶ ከታች ከጠበበ የሻንሲው ጭራ ወርዷል፤ ከላይ ከጠበበ ደግሞ መሃሉ ሰምጧል። ካሶኒው በቡሎን ስለሚታሰር በሮንዴላ አስተካክሎ ክፍተቱን ማሳመር ይቻላል፣ የሚያደርጉም አሉ። ስለዚህ በክፍተቱ ብቻ አልፈርድም፤ ከሥር ስገባ በመጀመሪያ የት ማየት እንዳለብኝ ግን ይነግረኛል።

ደብል ጋቢና ላይ ጥንቃቄው ይበልጣል። ካሶኒው አጭር ነው፣ ጭነቱም ከኋላ ጎማው ወደ ጭራ ያደላል፤ ሲበዛበት አፍንጫውን አንስቶ ይሄዳል፣ መሪውም ይቀላል። ሲንግል ጋቢና ግን ካሶኒው ረጅም ሆኖ አብዛኛው ከኋላ ጎማው ወደ ፊት ስለሚውል ሸክሙን ለአራቱም ጎማ ያካፍላል። ለእርሻ ሥራ ሲንግሉ እንደሚሻል ሁላችንም እናውቃለን። ደብሉን የምንገዛው ለጤፉ ሳይሆን ለሠርግና ለለቅሶ ነው፤ ይህም የሚያስነቅፍ አይደለም፣ ቤተሰብ ያለው ሰው ሁለት መኪና አይገዛም። ደብል የሚገዛ ሰው ግን የሻንሲውን ጭራ ሁለት ጊዜ ይይ።

በያጁን የምወስደው እዚህ ላይ ስለሚያስፈልገኝ ነው። ከሥሩ ብቻ አዲስ ጥቁር ካትራሜ የተቀባ መኪና ያጠራጥራል፤ የገጠር መኪና ሥሩ አቧራና የደረቀ ጭቃ ሊኖረው ይገባል። ቅባቱን በስለታም ነገር ፋቅ ፋቅ ማድረግ ነው። ብየዳ ቢገኝም ሁሉም ብየዳ አንድ አይደለም። ደህና ባለሙያ ሻንሲ ሲጠግን ማጠናከሪያውን ላሜራ ረጅም አድርጎ ጫፎቹን ሰያፍ ይቆርጣቸዋል፤ ጉልበቱ አንድ መስመር ላይ እንዳይከማች ነው። ሻንሲውን አቋርጦ ቀጥ ብሎ የወረደ ብየዳ ካየሁ ግን ቀጣዩ ስንጥቅ ከዚያው መስመር አጠገብ እንደሚወጣ አውቃለሁ። ይህን ልዩነት የሞተር መካኒክ ላያየው ይችላል፤ በያጅ ግን በእጁ የሠራው ስለሆነ ገና ሲያየው ፊቱ ይናገራል።

ከሥር የሚታየው ሁሉ ተደምሮ የሚነግረን መኪናው ቀድሞ ምን ሥራ ላይ እንደነበር ነው፤ ለእኔ ከተመረተበት ዓመት ይልቅ የሚበልጠው ይህ ነው። የእርዳታ ድርጅት መኪና መጥፎ መንገድ ሲሄድ ኖሯል፣ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰውና ቀላል ዕቃ ጭኖ ነው፣ ሰርቪሱም በጊዜው ይደረግለታል፤ ጎሚኒው ያለቀ ሻንሲው ግን ቀጥ ያለ ሆኖ ይገኛል። በጨረታ ሲወጣ ዓመቱን አይቶ የሚሸሸው ብዙ ነው፤ እኔ አልሸሽም። የኮንስትራክሽን መኪና ደግሞ ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ሆኖ ያታልላል። ቀኑን ሙሉ ሞተሩ ሳይጠፋ ሳይት ላይ ቆሞ ሲውል ቆጣሪው አይቆጥርም፣ አቧራውም እስከ አየር ማጣሪያው ውስጥ ይዘልቃል። የፔዳሎቹ ጎማ አልቆ ቆጣሪው ትንሽ ካሳየ፣ እኔ ፔዳሉን ነው የማምነው። ማዳበሪያ ሲያመላልስ የኖረውን ለማወቅ የካሶኒውን ምንጣፍ ማንሳት ይበቃል፤ ዩሪያና ኤንፒኤስ እርጥበት ሲያገኙ ላሜራውን ከውስጥ ይበሉታል፣ ከላይ ስቱኮና ቀለም ቢለብስም።

ስለ ሞተር ሁሉም ስለሚያውቅ አላስረዝምም። ጠዋት ሳይሞቅ ማየት፣ ከማስነሳት በፊት በእጅ ነክቶ መቀዝቀዙን ማረጋገጥ፣ የዘይቱን መክደኛ ከፍቶ የሚተፋውን ማየት። አንድ የሚዘነጋ ነገር ግን አለ፤ ከፍታ። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። እንደ አምስት ኤል ያለ ቱርቦ የሌለው የናፍታ ሞተር የሚያገኘው አየር ሲቀንስ ፓምፑ የሚሰጠውን ናፍታ በዚያው ልክ ስለማይቀንስ፣ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ያወጣል። አዳማ ላይ ንጹሕ የነበረ መኪና ደብረ ብርሃን ላይ ቢያጨስ በሽታ ላይሆን ይችላል። ሰማያዊ ጭስ ግን የትም ቢሆን ዘይት ነው።

አምስት ኤልን ካነሳሁ አይቀር፣ ጉልበቱ ትንሽ ቢሆንም ለገጠር የምመርጠው እሱን ነው። አዲሶቹ ኮመን ሬል ሞተሮች ናፍታውን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ስለሚረጩ ለቆሻሻና ለውኃ አይታገሡም፤ እኛ ደግሞ በበርሜልና በጀሪካን የዋለ ናፍታ የምንቀዳበት ጊዜ አለ። አሮጌውም የራሱ ጣጣ አለው፦ የታይሚንግ ቺንጋ። በ100,000 ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት፤ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ሻጩ ተቀይሯል ካለ ደረሰኙን ያሳይ። ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተቀየረ እቆጥረዋለሁ፣ የመቀየሪያውንም ከዋጋው አስቀንሳለሁ።

"ፎር ዊል ነው ወይስ አይደለም?" የሚለው ጥያቄ ከሚገባው በላይ ዋጋ ያስከፍለናል። የጤፍ ገበሬ ከባድ ጭነቱ ከኅዳር በኋላ ነው፣ መንገዱም ያኔ ደርቋል። ማዳበሪያ ክረምቱ ሳይገባ ገብቶ ካለቀ፣ ዋልካው ጎማ የሚይዘው ለሁለት ወር ያህል ነው፤ በዚያን ሰሞን ደግሞ ጥሩ ጎማ የሌለው ፎር ዊልም ይሰምጣል። ማሳው ወንዝ ማዶ የሆነ ሰው ይለያል። መግዛትህ ካልቀረ ግን ኮረኮንች ላይ አስገብተህ ንዳው። የፊት ትራስሚሲዮኑ ወጥቶ፣ ማንሻው ብቻ ለጌጥ ቆሞ የሚሸጥ መኪና ሞልቷል።

ወረቀቱም እንደ ሻንሲው መታየት አለበት። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን፣ አካባቢውም ያልተፈቀፈቀና ያልተበየደ መሆኑን በዓይን ማየት ነው። ለእርሻ ኢንቨስትመንት ተብሎ ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ አይዞርም፤ "በውክልና ያዘው" የሚል ደላላ ሲያጋጥመኝ ወሬውን እዚያው አቆማለሁ። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወድዶ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ያገለገለ ናፍታ ፒካፕ ያለው ሰው ዋጋውን ዝቅ ለማድረግ አይቸኩልም። ሻጭ በማይቸኩልበት ገበያ ገዢ መቸኮል የለበትም።

በመጨረሻ የምጠይቀው ብዙ ሻጭ የማይወደውን ነው፤ ጭነን እንየው። አሥር ኩንታል አሸዋ ወይም ሲሚንቶ፣ ከዚያ በላይ አልፈልግም። "ጋሼ፣ ሞተሩን ሰሙት አይደል? ምን ቀረዎት?" ይሉኛል። ባዶውን ሳለ ከጎማው እስከ ካሶኒው ከንፈር ያለውን በሁለቱም በኩል እለካለሁ፤ ሲጫን እለካለሁ፤ ዳገት ወጥቶ ወርዶ ሲራገፍ ደግሜ እለካለሁ። በአንዱ በኩል ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ከቀረና ሻንሲው ደህና ከሆነ፣ የባሌስትራውን ሥራ ከዋጋው እናስቀንሳለን። ካልሆነ የአሸዋውን ጫኞች ሒሳብ ከፍለን እንለያያለን።