በውስጥ መስመር

ጳጉሜ 2015 ላይ ነው። የምንሠራለት ድርጅት ሲስተም ጳጉሜ 6ን «የተሳሳተ ቀን» እያለ ይመልሳል። ቀኑን የሚያጣራውን ኮድ የጻፈው ሰው (እኔው ነኝ) ጳጉሜ ሁሌም 5 ቀን ናት ብሎ ደምድሟል። በአራት ዓመት አንዴ 6 እንደምትሆን እናቴም ታውቃለች። እሺ ብዬ 6ን ስፈቅድለት ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ፤ ጳጉሜ 6ም መስከረም 1ም ወደ ፈረንጅ ሲቀየሩ ሁለቱም ሴፕቴምበር 11 ላይ ተደራረቡ። የዚያን ዓመት እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ነበር የሚውለው።

ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮግራመሮች ያሉበት አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ገብቼ ጻፍኩ። «ሰላም ወንድሞችና እህቶች፣ እንዴት አመሻችሁ» ብዬ ነው የጀመርኩት። ሦስት ሰዎች «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉኝ። አንዱ ስቲከር ላከ። ከዚያ የማላውቀው ልጅ፣ «ወንድሜ፣ በውስጥ መስመር አውራኝ» አለ። አወራሁት። አስር ደቂቃ አልፈጀበትም፤ የቱ መስመር ላይ እንደተሳሳትኩ፣ ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ሲካፈል 3 ከተረፈ ምን ማድረግ እንዳለብኝ፣ ሁሉንም በትዕግሥት አስረዳኝ። ላመሰግነው ብል «ኧረ ምን አደረግኩ» አለኝ። እውነት ለመናገር፣ ከዚያ ልጅ የበለጠ ጨዋ ሰው ኢንተርኔት ላይ አላጋጠመኝም።

ግሩፑ ውስጥ የቀረው ግን ጥያቄዬ፣ ሦስት «እግዚአብሔር ይመስገን» እና አንድ ስቲከር ነው። መልሱ የለም።

ሰሞኑን ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ቡና ስንጠጣ ስለ ስታክ ኦቨርፍሎው ይነሳና ሁለት ቡድን እንሆናለን። ግማሹ «ሞተ እኮ» ብሎ ያዝናል፣ ግማሹ «እሰይ፣ ጥጋበኞች ናቸው» ይላል። እኔ ሁለቱም ነገሩን የሳቱት ይመስለኛል።

ጄፍ አትውድ እና ጆል ስፖልስኪ እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመሩት ይህ ቦታ ከሌላው የሚለየው በአነጋገሩ ነበር። ሰላምታ አይፈለግም። ጥያቄህን በ«ሰላም ለሁላችሁ» ከጀመርክ ሲስተሙ ራሱ ይቆርጠዋል፤ መጨረሻ ላይ «አመሰግናለሁ» ካልክ ሌላ ሰው መጥቶ ያጠፋልሃል። ጉዳይ ከማንሳቱ በፊት ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ከብቱ ሳይቀር ለሚጠያየቅ ሕዝብ ልጅ ይሄ ንቀት ነው። ንቀት መስሎ ሊታየኝ ይገባ ነበር፤ ግን አልመሰለኝም። ምክንያቱም እኔ እዚያ አንድም ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም። የሌላውን ነበር የማነበው።

ጨዋታው ያለው እዚህ ላይ ነው። መልሱ የሚጻፈው ለጠያቂው አይደለም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ጉግል አድርጎ ለሚመጣ፣ ስሙ ለማይታወቅ ሦስተኛ ሰው ነው። ለሦስተኛው ሰው ደግሞ የሁለት ሰዎች «እንዴት አመሻችሁ» ምንም አይሠራለትም። ያ ድርቅ ያለ አነጋገር ለሌላ ሰው የተቀመጠ ጨዋነት ነበር ብል አላጋነንኩም።

ዋጋ አላስከፈለም ማለቴ ግን አይደለም። ደንቡ ቀስ በቀስ ጠባይ ሆነ። ጀማሪው ገና አፉን ሳይከፍት «ይሄ ተጠይቋል» ተብሎ በሩ ይዘጋበታል፤ ነጥብ ያከማቹት ሰዎች የሰፈር ሽማግሌ ሳይሆን የኬላ ጠባቂ ሆኑ። ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2018 ላይ ቦታው ለብዙዎች፣ በተለይም ለጀማሪዎች፣ ለሴቶችና ነጭ ላልሆኑ ሰዎች እንግዳ ተቀባይ አይደለም ብሎ በይፋ ጽፏል። ከሁሉ የሚያስቀኝ ደግሞ ይሄ ነው፤ አንድን መልስ በድምፅ ለመደገፍ 15 ነጥብ፣ የሰው ጽሑፍ ሥር አስተያየት ለመስጠት 50 ነጥብ ያስፈልግ ነበር። እንደ እኔ ዓይነቱ ለዓመታት የበላበትን ማዕድ «እግዜር ይስጥልኝ» ማለት እንኳ አይችልም ነበር።

ቢሆንም ማዕዱ የሁሉም ነበር። ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ለሦስት ሳምንት ያህል ማለት ነው፣ የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ ነበርኩ። ሃያ ሁለት አካባቢ ያለች ጠባብ ቢሮ፣ አምስት ሰው። ከመካከላችን አንዱ ሃርድ ዲስኩ ላይ በኪዊክስ የሚከፈት የስታክ ኦቨርፍሎው ቅጂ ነበረው። ዓለም ጥርቅም ብሎ ተዘግቶብን እኛ ተራ በተራ እየተቀባበልን እንፈልግ ነበር። ይህ ሊሆን የቻለው መልሶቹ ማንም እንዲገለብጣቸው በሚፈቅድ ክፍት ፈቃድ ስለወጡና ኩባንያውም ሙሉ ግልባጩን በየጊዜው ለሕዝብ ይለቅ ስለነበር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ግልባጩን መልቀቅ አቁሞ ነበር፤ ተጠቃሚው ሲጮኽ መለሰው። ኩባንያው ከዚያ በፊት፣ በ2021፣ በ1.8 ቢሊዮን ዶላር ተሽጧል። ሰው በነፃ የጻፈው መልስ ነው እንግዲህ የተሸጠው።

ቻት ጂፒቲ የመጣው እ.ኤ.አ. ኅዳር 2022 መጨረሻ ላይ ነው። ቀናት ሳይቆጠሩ ስታክ ኦቨርፍሎው በእሱ የተጻፉ መልሶችን ከለከለ። በግንቦት 2024 ግን ኩባንያው ራሱ ከኦፕን ኤአይ ጋር ስምምነት አደረገ። የተናደዱ ሰዎች የገዛ መልሳቸውን ማጥፋት ጀመሩ፤ የአንዳንዶቹ አካውንት ታገደ። ንዴታቸው ይገባኛል። ግን መልሱን ሲያጠፉት የተጎዳው ባለ ቢሊዮኑ ኩባንያ አይደለም፤ ያቺ ሃያ ሁለት ያለች ቢሮ ናት።

አሁንማ ሁላችንም ከቦት ጋር ነው የምናወራው። አነጋገሩ ስኳር ነው። የቱንም ያህል ቂል ነገር ብትጠይቀው «ግሩም ጥያቄ ነው!» ይልሃል። ተሳስተሃል ስትለው «ልክ ነህ፣ ይቅርታ» ይላል፤ ልክ ባትሆንም። አንዱን የጳጉሜን ጉዳይ ጠይቄው ጳጉሜ 6ን ሙልጭ አድርጎ ረስቶ፣ በጣም በትሕትና፣ እኔ በ2015 የጻፍኩትን ስህተት ደግሞ ጻፈልኝ። ወንድሜን ያገኘሁ ነው የመሰለኝ።

ፈረንጆቹ ይህን እንደ ትልቅ የባህል ለውጥ ነው የሚያወሩት፤ ከአደባባይ ወደ ጓዳ፣ ከቁጣ ወደ ማባበል። ለእነሱ አዲስ ሊሆን ይችላል። እኛ ግን ከቦቱ በፊትም ጓዳ ውስጥ ነበርን። «በውስጥ መስመር አውራኝ» ማለት ይኸው ነው፤ ጨዋ፣ ፈጣን፣ ለአንድ ሰው ብቻ። እንዲህ የምናደርገው ለክፋት አይደለም። በአደባባይ ተሳስቶ መታየት ያሳፍራል፣ አዋቂ መስሎ መታየትም እንደ ጉራ ይቆጠራል። አንዳንዱም፣ እንነጋገር ከተባለ፣ ሥራ ለመያዝ ነው በውስጥ የሚጠራህ።

ስታክ ኦቨርፍሎው ከእንግሊዝኛ ሌላ በፖርቱጋልኛ፣ በሩሲያኛ፣ በስፓኒሽና በጃፓንኛ ተከፍቷል፤ በአማርኛ የለም። ይህን የፈረንጅ ጥፋት አድርገን ልናማርር እንችላለን። ግን ስለ ዘመን አቆጣጠራችን፣ ስለ ግዕዝ ፊደል አደራደር፣ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቆጥር ፎርም ያለንን ጥያቄ በይፋ መልሶ ሊያስቀምጥ የሚችለው ማን ነው? ቦቱም ቢሆን የሚያውቀው አንድ ሰው አንድ ቀን በአደባባይ የጻፈውን ነው። በቴሌግራም ጓዳ የተነገረውን ከየት ያመጣዋል? ጳጉሜ 6ን የረሳው ደደብ ስለሆነ አይመስለኝም። አልነገርነውም።

ይህን የምጽፈው እጄ ንጹሕ ስለሆነ አይደለም። ያ ልጅ ካስረዳኝ በኋላ ወደ ግሩፑ ተመልሼ «ተፈቷል፣ እናመሰግናለን» ብቻ ነው ያልኩት። እንዴት እንደተፈታ አልጻፍኩም፤ ደክሞኝ ነበር፣ እንቁጣጣሽም ደርሶ ነበር። ከወራት በኋላ አንዲት ልጅ እዚያው ግሩፕ ውስጥ «ሰላም፣ የኢትዮጵያን ቀን ሲቀይር አንድ ቀን የሚያሳስትበት ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች።

«እህቴ፣ በውስጥ መስመር» አልኳት።

መልሱ አሁንም ስልኬ ላይ ነው፣ በሁለት ቻት ውስጥ። ቀጣዩ ጳጉሜ 6 በ2019 ነው።