መንገደኛው ያየው፣ አንባቢው የፈረደው፦ ስለ አንድ የጉዞ ጽሑፎች መድበል የተሰጡ አስተያየቶች ሲገመገሙ

የሩቅ አገር ሰው ስለ አገራችን የጻፈው የጉዞ ማስታወሻ በመምህራን እጅ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «አመሰገነን ወይስ ሰደበን?» የሚል ነው። ጥያቄው ከአገር ፍቅር የሚመነጭ በመሆኑ የሚናቅ አይደለም። ዳሩ ግን በዚህ ብቻ የሚቆም አንባቢ መጽሐፉን ሳይመረምር ይዘጋዋል፤ መምህር ከሆነም ይህንኑ ልማድ ለተማሪዎቹ ያወርሳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአንባቢ ፍርድ በምን ላይ ሊመሠረት እንደሚገባ አንድ የታወቀ መድበልን መነሻ በማድረግ ማመልከት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መድበሉ ሪቻርድ ፓንክረስት አዘጋጅተው በ1965 በኦክስፎርድ ዩኒቨርስቲ ማተሚያ ቤት ያሳተሙት፣ ርዕሱም «መንገደኞች በኢትዮጵያ» ተብሎ ሊተረጐም የሚችለው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። ፓንክረስት በ1963 የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በመጀመሪያ ዲሬክተርነት የመሩ፣ በ2017ም አርፈው በአዲስ አበባ የተቀበሩ ሊቅ ናቸው። በልዩ ልዩ ዘመን ወደ አገራችን የመጡ መንገደኞች ከጻፏቸው ወፋፍራም ጥራዞች እየመረጡ በአንዲት ትንሽ መጽሐፍ ማሰባሰባቸው፣ ዋናዎቹን መጻሕፍት ለማግኘት ለማይችል ተማሪ ትልቅ ውለታ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከመጽሐፉ የተወሰኑ ምዕራፎችን ለእጩ መምህራን እያስነበበ አስተያየታቸውን ለመስማት ዕድል አግኝቷል። አስተያየቶቹ በሦስት ወገን የሚመደቡ ነበሩ። አንደኛው ወገን የቤተ መንግሥቱንና የአብያተ ክርስቲያናቱን ውበት ያደነቀውን መንገደኛ «እውነተኛ» አለው። ሁለተኛው ወገን ስለ አመጋገባችንና ስለ ጦርነታችን የጻፈውን «ጠላት» ብሎ ሰየመው። ሦስተኛው ወገን ደግሞ «የታተመ ነገር ነው፣ ሊቅም መርጦታል» በማለት ሁሉንም እንዳለ ተቀበለው። ሦስቱም ወገኖች አንድ የጋራ ጉድለት ነበረባቸው፤ ይኸውም መንገደኛው የት ቆሞ እንዳየ፣ ማን እንደ ነገረውና በየትኛው ዘመን እንደ ጻፈ አለመጠየቃቸው ነው።

ይህ ጉድለት በእኛ አልተጀመረም። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከገለጸ በኋላ፣ የአገሩ ሰዎች እንዳያምኑት በመስጋት የጻፈው እውነት ስለ መሆኑ በእግዚአብሔር ስም እስከ መማል ደርሷል። መጽሐፉ በ1540 በሊዝበን ሲታተም መሐላውም አብሮ ታተመ። መንገደኛው ገና ሲጽፍ የአንባቢን ፍርድ ይፈራ እንደ ነበር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ከዚህም የበለጠ የሚያስተምረው የጄምስ ብሩስ ታሪክ ነው። ይህ ስኮትላንዳዊ በ1770 ጎንደር ገብቶ ከቆየ በኋላ መጽሐፉን በ1790 በአምስት ጥራዝ ቢያሳትም፣ ብዙዎቹ የለንደን አንባቢዎች ተሳለቁበት። በተለይ ከቁም ከብት ላይ ሥጋ ተቆርጦ ሲበላ አየሁ ማለቱ መዘባበቻ አደረገው። ከመጽሐፉ መታተም ቀደም ብሎም ታዋቂው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን ብሩስ ወደ ኢትዮጵያ መሄዱን እስከ መጠራጠር ደርሶ ነበር። ጆንሰን የጀሮኒሞ ሎቦን የጉዞ መጽሐፍ በ1735 ወደ እንግሊዝኛ የመለሰ፣ በ1759ም «ራሴላስ» የተባለውን የኢትዮጵያ ልዑል ልብ ወለድ የደረሰ ሰው ነው፤ ነገር ግን የኢትዮጵያን መሬት ረግጦ አያውቅም።

አሁን ነገሩን እንመርምር። ከቁም ከብት መቆረጡ ያከራክር እንጂ ጥሬ ሥጋ መበላቱን ማንኛውም የጎንደር ሰው በመሰከረ ነበር። በአንጻሩ ብሩስ የዓባይን ምንጭ ለማየት የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ ማለቱ ትክክል አልነበረም፤ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ግሽ ደርሶ ነበርና። አብሮት ወደ ግሽ የሄደውን ጣሊያናዊውን ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒንም ከጉዞው በፊት እንደ ሞተ አድርጎ ጽፏል። እንግዲህ አንባቢዎቹ ለጆሮአቸው እንግዳ የሆነውን ተጠራጠሩ እንጂ የጸሐፊው ክብር የተደገፈበትን አልመረመሩም። ለመዳ የሆነው ሁሉ እውነት፣ እንግዳ የሆነውም ሁሉ ሐሰት አይደለም።

ይህን መመዘኛ ወደ ገዛ ደጃችን እናምጣው። ሩሲያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች በ1897 በሴንት ፒተርስበርግ ያሳተመው መጽሐፍ «ከእንጦጦ እስከ ባሮ ወንዝ» ይባላል። ርዕሱን ብቻ ያነበበ ተማሪ በዚያ ዘመን ዋና ከተማው ኮረብታው ላይ ነበረ ሊል ይችላል፤ አዲስ አበባ ግን በ1886 ተቆርቁራ ቤተ መንግሥቱም ከእንጦጦ ወርዶ ነበር። እንደዚሁም ስለ አንድ ኮረብታ አንዱ መንገደኛ «ማገዶ የጠፋበት» ሌላው «ደን የሸፈነው» ቢል፣ አንዱ ዋሽቷል ለማለት መቸኰል አያስፈልግም። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በ1890ዎቹ ነውና፣ የተጻፈበትን ዓመት መጠየቁ ብቻ ክርክሩን ሊፈታው ይችላል።

በዚህ ረገድ ንባቡ በክፍል ውስጥ ብቻ እንዳይቀር በማሰብ እጩ መምህራኑን ይዘን ከኮተቤ ወደ የካ ኮረብታ ወጣን። እስከ ዋሻ ሚካኤል ደርሰን እያንዳንዱ ያየውን ባንድ ገጽ እንዲጽፍ ተደረገ። ስለ ውቅር ቤተ ክርስቲያኑ በጥንቃቄ ጻፉ፤ ትውፊቱ ወደ አብርሃና አጽብሐ ዘመን እንደሚያደርሰው፣ ተመራማሪዎች ግን ወደ መካከለኛው ዘመን እንደሚያወርዱት ለያይተው አስቀመጡ። ትምህርቱ የሠረጸ መሰለን።

በመንገድ ላይ ግን የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አጋጥመውን ነበር። ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ስለ እነርሱ የጻፉት ተመሳሳይ ነበር፤ ጐባጣ ጀርባ፣ አቧራማ እግር፣ ከበስተኋላ ውብ ተራራ። ስም፣ ድምፅና ምክንያት አልነበራቸውም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለምሳሌ ያህል የጻፈው ገጽም ከዚህ የተለየ አልነበረም። አንዲት እጩ መምህርት ግን እናትዋ በዚሁ ሥራ እንዳሳደገቻት ገልጻ፣ ሴቶቹ ከሌሊቱ በስንት ሰዓት እንደሚነሡ፣ ጥበቃውን በየት በኩል እንደሚያልፉ፣ ሸክሙ ሲታሰር ከባዱ በየትኛው ወገን እንደሚሆን፣ ከገቢያው ማን ምን እንደሚገዛ ጻፈች። ገጿ ሲነበብ ክፍሉ ጸጥ አለ። መንገደኞችን ስንወቅስ የቆየን ሰዎች ከመኖሪያችን አንድ ሰዓት በማይሞላ ጉዞ ውስጥ ራሳችን መንገደኞች ሆነን ተገኘን።

ነገሩ ከሥነ ጽሑፍ ጉዳይነት ያልፋል። እነዚህ እጩዎች ነገ የእነዚያን ሴቶች ልጆች ያስተምራሉ። ልጁ ለምን እንደሚያረፍድ፣ ለምን በክፍል እንደሚያንቀላፋ የማይጠይቅ መምህር ልጁን እንደ መንገደኛ አይቶት ያልፋል፤ በማኅደሩም «ሰነፍ» ብሎ ይመዘግበዋል።

ወደ መድበሉ ስንመለስ፣ ጠንካራ ጎኑ የዘመናትን ምስክርነት በቅደም ተከተል ማቅረቡ ነው። ጉድለቱ ደግሞ የታየው ሰው መልስ የማይሰማበት መሆኑ ነው፤ ይህም ከአዘጋጁ ቸልተኝነት ሳይሆን ከመጽሐፉ ዓላማ የመጣ ነው። መልሱን ማሟላት የእኛ ፈንታ ነው። ኢትዮጵያውያንም ተጉዘው ጽፈዋል፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ከ1931 የጃፓን መልእክተኝነታቸው በኋላ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን አሳትመዋል። የውጭው መንገደኛ ስለ እኛ፣ የእኛውም መንገደኛ ስለ ውጭው የጻፉት ጎን ለጎን ቢነበቡ ተማሪው እንግዳ ዓይን ምን አጉልቶ እንደሚያይና ምን እንደሚያመልጠው ይረዳል።

ለማጠቃለል፣ የጉዞ ጽሑፍ በአማርኛም ሆነ በኅብረተሰብ ትምህርት ሲሰጥ ሦስት ጥያቄዎች አብረው ቢሰጡ መልካም ነው፦ ጸሐፊው ይህን በዓይኑ አየ ወይስ ሰማ? መቼ? የታየው ሰው ቢጠየቅ ምን ይል ነበር? ከዚያም ተማሪው የሚያውቀውን ኮረብታ፣ ገበያ ወይም ወንዝ ራሱ ይጻፍ፤ የጻፈውንም እዚያ ለሚኖር ሰው ያንብብለት። ለዚህ የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እርሳስና የአንድ ከሰዓት በኋላ ጊዜ ነው። ዕቅድ አውጪዎችም ያችን ከሰዓት በኋላ በክፍለ ጊዜው ሠንጠረዥ ውስጥ እንዲያስገቧት ይታሰብበት።