«ሄልሲንግ» በእንግሊዝኛ አንደበት፤ ጥፋቱ የማን ነው?

ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ቋንቋ የተመለሰ ሥራ ከምንጩ ተለይቶ በተገኘ ጊዜ ወቀሳው ሁሉ በተርጓሚው ላይ መውደቁ የተለመደ ነው። ይህ ፍርድ ሁልጊዜ ትክክል መሆን አለመሆኑን ለመመርመር፣ በዚህ አጭር ጽሑፍ ደም የበዛበትን የጃፓን የካርቱን ፊልም «ሄልሲንግ»ን መርጠናል።

የታሪኩ ምንጭ ኮታ ሂራኖ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2008 በመጽሔት በተከታታይ ያወጣውና በ10 ቅጽ የተጠቃለለው የሥዕል ልቦለድ፣ ማለት ማንጋ ነው። የታሪኩ ዋና ስፍራ እንግሊዝ አገር ነው። ወይዘሪት ኢንቴግራ ሄልሲንግ የተባለውን ድርጅት ትመራለች፤ አሉካርድ የሚባለው ደም መጣጭም ለእርሷ ታዝዞ መሰሎቹን እያሳደደ ይገድላል። ጎንዞ የተባለው ኩባንያ የ13 ክፍሉን ፊልም በ2001 ለሕዝብ ማሳየት ሲጀምር ማንጋው ገና አልተፈጸመም ነበር። ስለዚህ የፊልሙ ሠሪዎች የራሳቸውን መጨረሻ ፈጠሩ።

በማንጋው ለንደንን የሚያነደው ጠላት «ሚሌኒየም» የተባለ የናዚ ጦር ቅሪት ነው። በፊልሙ ግን የመጨረሻው ጠላት በማንጋው ፈጽሞ የሌለ፣ ኢንኮግኒቶ የሚባል፣ ከአፍሪካ መጣ የተባለና የጥንት ግብፃውያንን አምላክ የሚጠራ ደም መጣጭ ነው። እኛ አፍሪካውያን ተማሪዎች ይህን ለውጥ እንደ ቀላል ነገር ልናልፈው አንችልም። በታሪክ የተመዘገበ የአውሮፓ ወንጀል ከመድረኩ ወጥቶ፣ በስፍራው ምክንያቱ የማይታወቅ አፍሪካዊ ጭራቅ ገባ። የፈሰሰው ደም አልቀነሰም፤ የደሙ ትርጉም ግን ጠፋ። ማንጋው ስላልተፈጸመ መጨረሻ መፍጠር ግድ ነበር ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ያንን መጨረሻ መምረጥ ግድ አልነበረም።

ይህን ጥፋት በእንግሊዝኛው የድምፅ ትርጉም ላይ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። በታሊየሰን ጃፊ መሪነት የተዘጋጀው ይህ ትርጉም ለእንግሊዞቹ ሰዎች የእንግሊዞችን አነጋገር ሰጥቷቸዋል፤ በዚህም የማንጋው ገጽ ሊያሰማ የማይችለውን አሰምቷል። ቪክቶሪያ ሃርዉድ የኢንቴግራን ትእዛዝ ስትናገር፣ ሴቲቱ የመኳንንት ልጅ መሆኗ ከቃሉ ይልቅ በድምፁ ይታወቃል። ክሪስፒን ፍሪማንም የአሉካርድን ጭካኔ በጩኸት ሳይሆን በረጋ አነጋገር ይገልጸዋል። ትርጉሙ ያጎደለው የለም አንልም። ጃፓንኛ እንደ አማርኛችን ሰውን እንደ ማዕረጉ የሚያናግርበት ስልት አለው፤ እንግሊዝኛ ግን ትልቁንም ትንሹንም «ዩ» ይለዋል። ስለዚህ ሽማግሌው አሽከር ዋልተር ለእመቤቱ የሚያሳየው ትሕትና ከግሡ ወጥቶ በድምፁ ቃና ላይ መጠጋት ነበረበት።

አደጋው ያለው ከዚህ ጉድለት ይልቅ በትርጉሙ ማማር ላይ ነው። ድምፁ ከአገሩና ከሰዎቹ ጋር ሲስማማለት፣ ተመልካቹ ታሪኩም ከደራሲው ሐሳብ ጋር የተስማማ ይመስለዋል። ትርጉሙ የተበላሸ ቢሆን ኖሮ ተጠራጥሮ ምንጩን በፈለገ ነበር፤ ያማረ አንደበት ግን የሌላውን ጥፋት ሸፍኖ ያሳልፋል።

ለዚህ ማስረጃችን ከ2006 እስከ 2012 በ10 ክፍል የወጣው «ሄልሲንግ አልቲሜት» ነው። ይህ ሁለተኛ ሥራ ማንጋውን ተከትሏል፤ ኢንኮግኒቶ የለበትም፤ ናዚዎቹም በስፍራቸው አሉ። በእንግሊዝኛውም ፍሪማንና ሃርዉድ የቀድሞ ሰዎቻቸውን ይዘው ተመልሰዋል። ተናጋሪዎቹ እነዚያው ሲሆኑ ታሪኩ ሌላ ሆነ። እንግዲህ ከምንጩ የሚያርቀውም ወደ ምንጩ የሚያቀርበውም የተናጋሪው አንደበት አለመሆኑ በዚህ ይታወቃል።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚተች ሰው ታሪኩን የለወጠው ማን ነው፣ የተለወጠውንስ የተናገረው ማን ነው የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች ለይቶ እንዲጠይቅ እናሳስባለን። ሁለቱን የቀላቀለ ሐያሲ ተርጓሚውን ያለ በደሉ ይወቅሳል፤ እውነተኛውን ለዋጭ ግን ሳይጠይቀው ያልፋል።