ስለ ሲያኔት ኤስተር ሙጫ መጽናት፤ በተለመደው መልስ ላይ የቀረበ ሂስ

ሲያኔት ኤስተር በሙቀት አንድ ጊዜ ከጸና በኋላ ተመልሶ የማይቀልጥ የሙጫ ዓይነት ነው። የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎችን፤ የራዳር አንቴና መሸፈኛዎችንና የጠፈር መንኰራኵር ክፍሎችን ለመሥራት ያገለግላል። ይህ ሙጫ እንዴት እንደሚጸና ስንጠየቅ ብዙዎቻችን የምንጽፈው መልስ አንድ ነው፤ ይኸውም «ሦስት የሲያኔት ጫፎች በሙቀት ተገናኝተው አንድ የትራያዚን ቀለበት ይሠራሉ» የሚል ነው። እኛም ይህንኑ ጽፈን ሙሉ ማርክ አግኝተናል። አሁን ግን ማርኩ የሚገባን መሆኑን ለመመርመር እንወዳለን።

አስቀድመን የመልሱን ደግ ጎን እንመስክር። ግሪጋትና ፒውተር የተባሉ ጀርመናውያን ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. የእነዚህን ኤስተሮች አሠራር በጽሑፍ ከገለጹ ወዲህ፤ የመጽናት ዋናው ፍሬ ቀለበቱ መሆኑ የታወቀ ነው። በቀለበቱ ውስጥ ሦስት የካርቦንና ሦስት የናይትሮጅን አቶሞች እየተፈራረቁ ይቀመጣሉ፤ ቀለበቱ ሲሠራም ተረፈ ነገር አይወጣም። እንግዲህ መልሱ የሚሳሳተው ስለ መድረሻው ሳይሆን ስለ መንገዱ ነው።

አንደኛው ስሕተት «በሙቀት» የሚለው ቃል ነው። የቢስፌኖል ኤ ዳይሲያኔት በ79 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ እጅግ ንጹሕ ከሆነ ግን ሲሞቅ ቢቈይም ለመጽናት ይዘገያል። ሥራውን የሚያስጀምሩት በውስጡ የቀሩት ጥቂት ፌኖል፤ እርጥበትና የብረታ ብረት አዮኖች ናቸው። ፌኖሉ ከአንዱ ሲያኔት ጋር ተዋሕዶ ኢሚዶካርቦኔት ይሆናል፤ ይህም ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በተራ ይጨምራል፤ በመጨረሻ ቀለበቱ ሲዘጋ ፌኖሉ ነጻ ወጥቶ ሥራውን እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ ሦስቱ ጫፎች ባንድ ቅጽበት አይገናኙም። እናቶቻችን ዱቄትና ውሃ ብቻውን እንደማይበቃ ዐውቀው ከትናንቱ ሊጥ እርሾ ያስቀራሉ፤ የፌኖሉም ነገር ይህን ይመስላል፤ ልዩነቱ እርሾ ሕይወት ያለው ስለ ሆነ ይራባል፤ ፌኖል ግን አይራባም። ፋብሪካዎችም የኮባልት፤ የመዳብ ወይም የዚንክ ውሑዶችን ከኖኒልፌኖል ጋር የሚጨምሩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ስለ መጠን ዝም ማለቱ ነው። ጫፎቹ በዕድል ብቻ የሚገናኙ ቢሆን፤ ወደ አንድ ቀለበት የገባ ጫፍ ሌሎች ሁለት ሞለኪዩሎችን ያገኛል። መረቡ እንዳይቋረጥ ከሁለቱ ቢያንስ የአንዱ ሌላ ጫፍ መዋሐድ አለበት፤ ይህም ማለት ከጫፎቹ 50 በመቶ ሲዋሐዱ ሙጫው መርጋት ይገባዋል። በሙከራ የተገኘው ግን ወደ 60 በመቶ የሚጠጋ ነው። አንዳንዶች ጫፎች ተመልሰው ከራሳቸው መረብ ጋር ስለሚተሳሰሩ ነው ይላሉ፤ ሌሎች የጫፎቹ ፍጥነት እኩል ስላልሆነ ነው ይላሉ። የተለመደው መልስ ይህን ክርክር እንኳ አያስነሣም።

ሦስተኛው ስሕተት ሥራው በራሱ የሚፈጸም ማስመሰሉ ነው። መረቡ እየበዛ ሲሄድ ሙጫው እንደ መስተዋት የሚደርቅበት የሙቀት ደረጃ ከፍ ይላል። ይህ ደረጃ የምድጃውን ሙቀት ሲያልፍ የቀሩት ጫፎች መንቀሳቀስ ይሳናቸዋል። በሚገባ የጸናው የቢስፌኖል ኤ ሙጫ ደረጃ ከ250 ዲግሪ ስለሚበልጥ፤ በ180 ዲግሪ ብቻ የተተወው ሥራ ጎደሎ ይሆናል።

ይህ ሁሉ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። እርጥበት ከሲያኔት ጋር ሲዋሐድ ካርባሜት ይሠራል፤ ካርባሜቱም ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አውጥቶ ሙጫውን በአረፋ ያሳብጠዋል። «ሦስት ጫፎች» የሚለውን ብቻ የተማረ ሰው እብጠቱ ከየት እንደ መጣ፤ ሁለት በርሜሎችም ስለ ምን በተለያየ ፍጥነት እንደሚጸኑ መናገር አይችልም።

ይህን የምንለው መምህሮቻችንን ለመንቀፍ አይደለም፤ መልሱን ሳንመረምር የተቀበልነው እኛ ነን። ነገር ግን ፈተናው «ምን ይሠራል?» ብቻ ሳይሆን «በምን አማካይነት? እስከ ምን ያህል? በስንት ዲግሪ?» ብሎ ቢጠይቀን ዕውቀታችን ከደብተር አልፎ ከምድጃው ይደርስ ነበር።